ሸጋና ቱርቦ በአንድ ባኞ

አደራ የሚቀበል ሰው ጆሮ የለውም! አፍ ብቻ ነው ያለው። አትቆጡኝ፤ መጀመሪያ ራሳችሁን ታዘቡ። ጎረቤታችሁ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ሲል የቤቱን ቁልፍ ይዞላችሁ ይመጣና «የጓሮው በር ትንሽ ገፋ ካላደረጋችሁት…» ብሎ ሲጀምር ምን ትላላችሁ? «ኧረ ተው! ይሄ ይነገረናል እንዴ?» ትላላችሁ። «ሲሊንደሩ ደግሞ…» ሲል «በል ሂድ፣ በሰላም ግባ! እንደ ቤታችን ነው የምናየው!» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ሰውየው ሊነግራችሁ የፈለገው ሲሊንደሩ እንደሚያፈስ ነበር። ግን ዝርዝር መስማት ነውር ነዋ! ዝርዝር የሚነገረው ላልታመነ ሰው ነው። የታመነ ሰው ደረቱን ይመታል፣ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ዕቃውን ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እግዜር ይወቀው።

እኔም እንዲሁ ደረቴን መትቼ ነው የሐጂ ሸምሱን ኤሊ የተረከብኩት።

ሐጂ ሸምሱ እዚህ ኮልፌ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የሚጎራበቱ ሽማግሌ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በሰፈራችን በእሳቸው እጅ ያላጠረ ሱሪ የለም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብቻቸውን ስል ከሸጋ ጋር ማለቴ ነው። ሸጋ የየብስ ኤሊ ናት፤ ትልቅ የብረት ድስት ታክላለች። ስሟን ያወጡላት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሐጂና ሸጋ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት ሐጂ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ እሷ ጫማቸው ሥር ትቀመጣለች። አይነጋገሩም፤ አይቸኩሉም። ሳያቸው እቀናለሁ፤ እኔና ሰብለ በሃያ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ተስማምተን ዝም ብለን አናውቅም።

ጥር ላይ ሐጂ ለዑምራ ወደ መካ ሊሄዱ ሆነ። ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው። ሸጋን፣ ሣር ከተጎዘጎዘበት የእንጨት ሣጥኗ ጋር፣ በጋሪ አስጭነው በራችን ላይ ደረሱ።

«ታዴ፣ ሸጋን አደራ» አሉኝ።

«ሐጂ! ኧረ ምን በወጣዎት! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት!»

«ጎመንና ሣር ብቻ ነው የምትበላው…»

«እንዴ ሐጂ! እኔ ቤት ምግብ ይጠፋል?»

«አይ፣ እሱስ አይጠፋም። ብቻ ውሃ ላይ…»

«ውሃማ ሞልቷል!» አልኩ። (ኮልፌ ተቀምጬ ውሃ ሞልቷል ማለቴን ልብ በሉልኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ጥፋት ሁሉ ከዚህች ውሸት ጀምራችሁ ቁጠሩ።)

«አስጨርሰኝ እንጂ፣ አንተ ልጅ። ያ የእናንተ የውሃው…»

«ሐጂ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥዎ! ዱዓ ብቻ አይርሱን!»

ሐጂ ጎንበስ አሉና የሸጋን ጀርባ ዳበስ ዳበስ አድርገው የሆነ ነገር አንሾካሾኩላት። ለእኔ ሊነግሩኝ ያልቻሉትን ለእሷ ሳይነግሯት አልቀሩም። እሷ ቢያንስ ታስጨርሳለች።

«የውሃው» ያሉት ቱርቦን ነው። ቱርቦ የእኛ ቤት ኤሊ ነው። የባለቤቴ የሰብለ ወንድም ከዝዋይ ዓሣ እየጫነ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ አንድ ቀን ከዓሣው ጋር በባልዲ ይዞት መጣና «ይኼን ለእህቴ!» ብሎ ጥሎልን ሄደ። ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ አሁን የሾርባ ሳህን ያህላል። የውሃ ኤሊ ነው፤ ሥጋ ካየ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሲናደድ ደግሞ የሚያወጣው ጠረን አለ… ቁርስ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ልለፈው። የሚኖረው ባኞአችን ውስጥ ነው። ባኞ ስላችሁ ሀብታም እንዳልመስላችሁ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባኞ መታጠቢያ አይደለም፤ ማጠራቀሚያ ነው። ቱርቦ ከመጣ ወዲህ ግን ባኞውን ለእሱ ለቀን እኛ ወደ ጀሪካን ወርደናል።

እንግዲህ አስቡት። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ሸጋን ትክ ብዬ አየኋት። ጓሮ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ሣር ላይ፣ ብቻዋን! እኔ ሆዴ ባባ። የጎረቤት አደራ፣ የሟች መታሰቢያ፣ በሣጥን ትደር? እንግዳ ውጭ አስተኝቶ የራስን ልጅ ባኞ ውስጥ ማንፈላሰስ ምን የሚሉት ሰውነት ነው? ደግሞስ ቱርቦም ኤሊ፣ እሷም ኤሊ! ቢጫወቱ፣ ቢነፋፈቁ፣ የሆድ የሆዳቸውን ቢያወሩ ምን አለበት?

«ሰብሊ፣ አብረው ይሁኑ» አልኩ።

«ሐጂ እንደዚያ ብለዋል?»

«ሐጂ ምን ይላሉ? እኔን አምነውኛል።»

ሸጋን አቅፌ ወስጄ ባኞው ውስጥ አስገባኋት። ቀስ ብላ ወረደች… ወረደች… ታች ደርሳ ተቀመጠች። ቱርቦ ከላይ እየቀዘፈ ያያታል። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ።

«አየሻት! ዋናተኛ ናት እኮ!»

«ታዴ፣ አረፋ እየወጣ ነው።»

«እየተጫወተች ነዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እየሰመጠች ነው!» ብላ ሰብለ ከነሹራቧ እጇን ከታ መንጭቃ አወጣቻት። ሸጋ ውሃ ከአፍንጫዋ እያንጠባጠበች በዚያች የሠላሳ ዓመት ትዕግሥቷ አየችኝ። ለካ የየብስ ኤሊ አትዋኝም! ይህን ማን ያውቃል? ሐጂ ያውቃሉ። ሐጂ ሊነግሩኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ሣጥኗ ይመልሳታል። እኔ ግን ውሃውን ቀነስኩ! እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ አስቀርቼ፣ መሀል ላይ ድንጋይ አስቀምጬ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መለስኳቸው። ሸጋ ድንጋዩ ላይ ልትወጣ ስትሞክር ቱርቦ ቀደማት። ቱርቦ ድንጋዩ ሲሰለቸው ደግሞ እሷ ጀርባ ላይ ወጥቶ አንገቱን አስግጎ ይቀመጣል። እሷ ውሃው ውስጥ እንደ ተገተረች ትውላለች። እኔ ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ «ፍቅር እኮ እንዲህ ነው!» እላለሁ። በዚያ ሰሞን በዚሁ ዓምድ ስለ አብሮ መኖርና ስለ መቻቻል የጻፍኩትን ያነበባችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም «ዓይናችንን አስነባኸው» ብላችሁ የደወላችሁልኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የጻፍኩት እሱን እያየሁ ነው።

ቀጥሎ የምግብ ጉዳይ መጣ። ለየብቻ ማቅረብ? በእኔ ቤት? አይደረግም! አንድ ትሪ አመጣሁና በአንድ ወገን ለቱርቦ የዓሣና የጉበት ቁርጥራጭ፣ በሌላ ወገን ለሸጋ ጎመን አድርጌ ሁለቱንም ትሪው ፊት አስቀመጥኳቸው። ቱርቦ ዓይኑን ሳያሽ ጉበቱን ጨርሶ ጎመኑ ላይ ተንጎራደደበት። ሸጋ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰበሰበች።

«ምነው አልበላም አለች?» አለች ሰብለ።

«እየተግደረደረች ነው!»

እስቲ ፍረዱኝ፤ ምን ልበል ሌላ? እንግዳ ሲቀርብለት አንገቱን ከደፋ ምን ይባላል? እኔ ተግደርድሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ሰው ቤት ስትወስደኝ «ሦስት ጊዜ ሳትለመን እንዳትበላ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ለመንኳት። «ብይ እንጂ ሸጋ! እንደ ቤትሽ!» አልኳት። አልበላችም። «በሞቴ!» አልኳት። ሰብለ ሳቋን ልትይዘው አልቻለችም። እኔ ግን የጀመርኩትን አልተውም፤ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ጠቅልዬ፣ ትንሽ ጉበት ጣል አድርጌ፣ አጎረስኳት። አፏን ስትከፍት ጊዜ «ይኸው! አላልኩሽም?» አልኩ። አሁን ሳስበው አፏን የከፈተችው ልትጮህ ይመስለኛል፤ ድምፅ የላትም እንጂ።

በነጋታው ሁለት ጉርሻ። ከዚያ ሦስት። ሆዷ ተበላሸ። ባኞው ምን እንደ መሰለ አልነግራችሁም።

በአምስተኛው ቀን ሐጂ ከመካ ደወሉ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ታዴ፣ ሸጋ ደህና ናት?»

«እጅግ በጣም ደህና ናት! ባልንጀራም አግኝታለች!»

«ምን?… ባልንጀራ?… የምን ባል…» ሲሉ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። መንፈሳዊ ጉዞ ላይ ያለን ሰው በወሬ ማወክ አይገባም ብዬ ነው፤ እንደዚያ ነው ለራሴ የነገርኩት።

በዚያው ሳምንት ቱርቦ የሸጋን የፊት እግር ነከሰው። ጉበት መስሎት ይሆን፣ ጀርባዋ ላይ ሲወጣ ተወዛውዛበት ይሆን፣ አላውቅም። ደም ወጣ።

«በቃ ለያቸው!» ብላ ጮኸች ሰብለ።

«መለያየት መፍትሔ አይሆንም።»

«ምንድን ነው መፍትሔው ታዲያ?»

«ማስታረቅ።»

እውነቴን ነው፤ አስታረቅኳቸው። መሀላቸው ቁጭ ብዬ ቱርቦን ገሠጽኩት፣ ሸጋን አባበልኳት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ አቀራረብኳቸው። ቱርቦ ያንን ጠረኑን ለቀቀው። ሽምግልናው እዚያ ላይ ተበተነ።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ከረምን። አንድ ጠዋት ወደ ባኞው ስገባ ሸጋ አንገቷም እግሮቿም ውስጥ ናቸው። ነካ አደረግኳት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሳነሣት ከአፍንጫዋ ንፍጥ ይወጣል፤ ዓይኖቿ አብጠው ተከድነዋል። ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። ቀልድ አይደለም፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። የሐጂ ጠዋቶች፣ ወንበራቸው፣ ባዶ የቀረው የጫማቸው ሥር ታዩኝ። የሚስታቸው እጅ ያለባት፣ በቤታቸው የቀረች ብቸኛ ነፍስ ናት። ሐጂ ሊመለሱ አራት ቀን ቀርቷቸዋል። አደራ በላ! ይህን ስም ይዞ ኮልፌ ውስጥ መኖር ቀርቶ በታክሲ ማለፍ ይቻላል?

ሸጋን በፎጣ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ቤቴል አንዲት የእንስሳት ሐኪም እንዳለች ሰምቼ ነበር። አየር ጤና ልንደርስ ስንል መንገዱ ተዘጋ።

«ጋሼ፣ ዘንቢሉን ወደ ሥር ያርጉት፣ ሰው ላስገባበት» አለኝ ረዳቱ።

«ነፍስ አለው፤ አይሆንም።»

«ዶሮ ነው?»

«ኤሊ ናት። ታማብኝ ነው፤ ሐኪም ጋ አጣድፌ እየወሰድኳት ነው።»

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ጋሼ፣ በዚህ መንገድ ከሆነማ ወርደው እሷ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይችን ነገር ሰርቄ ለዓምዴ ነበር የማውላት። ያን ቀን ግን ፎጣውን ገልጬ ትተነፍስ እንደሆነ ከማየት በቀር ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ባመዛኙ ላምና ውሻ ነው የምታክመው። ሸጋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አገላበጠቻት፣ አዳመጠቻት፣ እግሯን አየች።

«ምን ትበላለች?»

«ያው… እንደ ቤተሰቡ ነው።»

«ማለት?»

«ጎመን… እንቁላል… ዳቦ… ጉበት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጉበት?»

«ተግደርድራ ነው እንጂ…»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ባኞ ውስጥ። ከሌላ ኤሊ ጋር። የዝዋይ ልጅ ነው።»

ሐኪሟ ለትንሽ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ ነገረችኝ። አንደኛዋ ደረቅ መሬትና ሣር ትፈልጋለች፤ ሌላኛው ውሃና ሥጋ። እርጥበት ሳንባዋን መታው፣ ሥጋው ሆዷን አበላሸው። ከዚህም በላይ አንዱ ዓይነት ምንም ሳይሆንበት ተሸክሞት የሚኖረው ተሐዋስ ሌላውን ዓይነት ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ቱርቦ ባይነክሳትም፣ ጀርባዋ ላይ ባይወጣም፣ አብሮ መሆኑ ብቻ ይበቃል።

«ግን ዶክተር፣ ሁለቱም ኤሊ ናቸው እኮ!» አልኩ።

«እርስዎና ጅብም ሁለታችሁም አጥቢ ናችሁ። አንድ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ?»



መርፌ ወጋቻት። ደረቅ ቦታ፣ ሙቀት፣ ፀሐይ፣ በቀን አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ በዝቅተኛ ሳህን፣ ጎመንና ሣር፤ ቱርቦ ደግሞ ዓይኗም እንዳያየው። ይህን ሁሉ አንድም ቃል ሳላቋርጥ ሰማሁ። እንዲያውም ጻፍኩት።

«ትድናለች?» አልኳት።

«ኤሊ ለመሞትም ለመዳንም ጊዜ ትወስዳለች። ይጠብቁ።»

ጠበቅኩ። ሣጥኗን አውጥቼ አዲስ ሣር ጎዘጎዝኩላት፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ሣጥኑን እየገፋሁ ጓሮውን ስዞር ዋልኩ። ለሥራ ቦታ አሞኛል አልኩ፤ ውሸት አልነበረም። መርፌውን ለማስወጋት በየቀኑ በዚያው ታክሲ ተመላለስን። ሸጋ ግን ምንም አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ሰብለን እንዲህ አልኳት፦

«ሰብሊ፣ እሷን የምትመስል ሌላ ኤሊ ብንፈልግስ?»

«ሐጂ ሠላሳ ዓመት ያዩትን ፊት ሊረሱት?»

«ኤሊ ፊት አላት እንዴ?»

«አንተ ነህ የሌለህ» ብላኝ ገባች።

በአራተኛው ቀን ሐጂ መጡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ፊታቸው በርቷል። በአንድ እጃቸው ተምር፣ በሌላው የዘምዘም ውሃ ይዘዋል፤ ለእኛ! ቤታቸው ዕቃ አስቀምጠው በቀጥታ ነው ወደ እኛ የመጡት። ሰብለ በመስኮት ስታያቸው «ዓይናቸውን ማየት አልችልም» ብላ ጓዳ ገብታ ቀረች። እኔ ተምሩን አልተቀበልኩም።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ልንገርዎ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ባኞውን፣ ድንጋዩን፣ ትሪውን፣ ጉርሻውን፣ «በሞቴ» ማለቴን፣ ንክሻውን፣ ሽምግልናውን፣ ሐኪሟን። ጅቡን እንኳ አላስቀረሁም። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ መራኋቸው።

ሣጥኑ አጠገብ በዝግታ ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ሰማሁት። እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው «ሸጋ» አሏት። «ሸጋዬ፣ መጣሁ።»

ምንም የለም። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ድጋሚ ጠሯት። የሆነ ነገር ሣሩ ላይ ኮሽ አለ… የአፍንጫዋ ጫፍ ወጣ። ቀጥሎ ያበጠው ዓይኗ። ቀጥሎ ያ የተሸበሸበ አንገቷ፤ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ ድምፃቸው ዞረ። ሐጂ ሣር ነጭተው አፏ አጠገብ ያዙላት። አልለመኗትም፤ አላጎረሷትም፤ ያዙላት ብቻ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ግምጥ አደረገችው። ከታመመች ወዲህ የቀመሰችው የመጀመሪያው ነገር ነበር። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

«ታዴ» አሉ ሐጂ፣ ሳይነሡ።

«አቤት፣ ሐጂ።»

«ግዴለሽ ሰው ዘንድ ትቻት ብሄድ ኖሮ ምን የምትሆን ይመስልሃል?»

«እንጃ፣ ሐጂ…»

«ምንም አትሆንም ነበር። ሣጥኗን እዚህ ጥሎ ይረሳት ነበር። እሷም ፀሐይዋን እየሞቀች፣ ሣሯን እየነጨች ትጠብቀኝ ነበር» አሉና ሌላ ሣር ነጩላት። «አንተ ግን ደግ ሰው ነህ። ልትገድላት የነበረው በደግነትህ ነው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሸጋን አቅፈው ተነሡ፤ ሣጥኗን እኔ ተሸክሜ እስከ በራቸው አደረስኳቸው። ተምሩን እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ገቡ።

ስመለስ ሰብለ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆማለች።

«ምን አሉህ?» አለችኝ ትንፋሿን ይዛ።

«ደግ ሰው ነህ አሉኝ።»

«እሰይ! እሰይ! እኔማ ይቀየሙናል ብዬ እንዴት እንደ ፈራሁ!» ብላ አቀፈችኝ። ቀሪውን አልነገርኳትም። እናንተም መንገድ ላይ ካገኛችኋት እንዳትነግሯት።